ያረጀ የጀልባ ሞተር ማደስ፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ እሳቱ

አሮጌ የጀልባ ሞተር የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሳያችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። «አየህ? አንዴ ብቻ ነው የሳብኩት» ይላል። እኔም ባሕር ዳር ላይ የገዛሁት እንዲሁ ነው። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ኢንዱሮ፣ እንጨት ላይ ታስሮ፣ ደረቅ መሬት ላይ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጮኸልኝ። ደስ ብሎኝ ብሩን ቆጠርኩ። ያኔ ያላወቅኩት፣ ሰውዬው በዚያች ሁለት ደቂቃ የውሃ ፓምፑን ጎማ ፊቴ ላይ እየጠበሰው እንደነበር ነው።

የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃ ከሌለ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ጎማ በሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ትጀምራለች። ከዚያ ፒስተኑ ይከተላል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ውሃው ነው። ብዙዎቻችን ግን እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ለመቀየር ነው የምንሮጠው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ባለ ሁለት ምት ለሆኑ፣ ከ8 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ላላቸው ትንንሽ ሞተሮች ነው። ሐይቆቻችን ላይ በብዛት የምናያቸው እነሱ ናቸው። ሞተራችሁ ባለ ሁለት ምት መሆኑን ለማወቅ ክዳኑን አንሱ። እንደ መኪና የዘይት መለኪያ ዘንግ ከሌለው፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ከሆነ ባለ ሁለት ምት ነው። ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ብረት አካባቢ የተለጠፈች ጠፍጣፋ ምልክት አለች። የሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መለዋወጫ ስትጠይቁ «የአስራ አምስት ፈረስ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። አንድ ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች የተለያየ ጎማ ሊኖራቸው ይችላል።

ሞተሩ በሕይወት አለ ወይ?

ብር ማውጣት ከመጀመራችሁ በፊት ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ፣ ለኩ። መለኪያውን ከምታውቁት ጋራዥ መዋስ ትችላላችሁ። ሁለቱንም ካንዴላዎች ፍቱ። የካንዴላ ገመዶቹን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ይህን ካላደረጋችሁ እሳት የሚሰጠው ኤሌክትሮኒክስ ሊበላሽ ይችላል። መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ እሰሩ፣ ጋዙን እስከሚሄድበት ክፈቱ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡ። ቁጥሩን ጻፉ። ሁለተኛውንም ሲሊንደር እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መመሪያ መጽሐፍት ላይ የምታገኟቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ጠረፍ የተጻፉ ናቸው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው በግምት አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ባሕር ጠረፍ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ ከ95 እስከ 100 ቢያሳይ አልታመመም። ስለዚህ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» ከመባላችሁ በፊት ይህን አስታውሱ። ከቁጥሩ ይልቅ የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው የሚናገረው። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከሆነ ቀጥሉ። አንዱ 95፣ ሌላው 60 ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙና መካኒክ አማክሩ። ያን ሞተር ማጽዳት አያድነውም።

ገመዱ ጭራሽ አልሳብ ካለስ? አትታገሉት። ከሁለት ምት ዘይትና ከናፍጣ ቀላቅላችሁ በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ ጨምሩና ይደር። በማግስቱ ላይኛውን ከባድ መዘውር በእጃችሁ ወደፊትም ወደኋላም ቀስ እያላችሁ ወዝውዙት። ብዙ ጊዜ ይለቃል።

እግሩን ማውረድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞተራችሁ የውሃ ፓምፑ መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙ። ጎማው ጥሩ ቢመስል እንኳ ቀይሩት። ዋጋው ከፒስተን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጣና ውሃ ደግሞ ደለል አለው። በተለይ በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ውሃው ቡና ይመስላል። ያ ደለል ጎማውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

ፓምፑ ጋ ለመድረስ እግሩ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የያዘው የሞተሩ ታችኛው ክፍል፣ መውረድ አለበት። ሞተሩን በጠንካራ እንጨት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ። የካንዴላ ገመዶቹን ነቅላችሁ ተዉ። ፕሮፔለር በምትነኩበት ጊዜ ሁሉ ይህን አድርጉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሳ ጣት ይወስዳል።

ፕሮፔለሩን ለማውጣት መጀመሪያ ኮፒሊያውን አቅኑና በፒንሳ ሳቡት። ኮፒሊያ ማለት ዳዶው እንዳይፈታ የምትይዘው የታጠፈች ሽቦ ናት። ፕሮፔለሩና ማርሽ ቤቱ መካከል አንድ ቁራጭ እንጨት አስገቡ፣ እንዳይዞር። ዳዶውን ፍቱ። ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ። ፕሮፔለሩ ሲወጣ ዘንጉን በደንብ እዩት። የአሳ መረብ ናይሎን ተጠምጥሞ ታገኙ ይሆናል። እኔ ያገኘሁት ቢፈታ አንድ ሜትር ተኩል ሆነ። ይህ ናይሎን ቀስ በቀስ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይቆርጣል። ከዚያ ዘይት ይወጣል፣ ውሃ ይገባል። ስለዚህ በየጊዜው ማየት ልማድ ይሁን።

ቀጥሎ የማርሽ ዘንጉን መገጣጠሚያ ፈልጉ። ከላይ ከማርሽ መቀየሪያው እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ነው፤ መሃል ላይ በዳዶ ተያይዟል። ቦታው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ስንት ዙር እንደተፈታም ቁጠሩ። ስትመልሱት እዚያው ካልቆመ ሞተሩ ማርሽ አልገባ ወይም አልወጣ ይላችኋል። ከዚያ እግሩን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ትንንሾቹ ላይ 4 አካባቢ ናቸው። አንዳንድ ሞተር ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ካለችው ትንሽ ክንፍ ጀርባ የተደበቀ አንድ ብሎን አለ። «ሁሉንም ፈትቼ አልወርድ አለኝ» የሚል ሰው ካያችሁ ያቺ ብሎን ናት።

የዛገ ብሎን በኃይል አትጠምዝዙ። የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ ርጩበትና ቆዩ። ከዚያም ወደ መጥበቅ አቅጣጫ ትንሽ፣ ወደ መፍታት ትንሽ እያላችሁ አለማምዱት። አሉሚኒየም ውስጥ የተሰበረ ብሎን ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የተሳሳተ ሰው ከነካው ደግሞ የአንድ ሳምንት።

እግሩ ሲወርድ ረጅም ዘንግ ይዞ ይመጣል። ዘንጉ ሥር ያለችው የፕላስቲክ ቆብ የውሃ ፓምፑ ናት። አራት ብሎኖቿን ፈትታችሁ ወደ ላይ ሳቧት። ውስጧ ኮከብ የመሰለች ጎማ አለች። ክንፎቿ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ደርቀው ከቀሩ፣ ከተሰነጠቁ ወይም ከጎደሉ ሥራዋ አብቅቷል። የኔዋ ከስድስት ክንፎቿ ሁለቱ አልነበሩም። የጎደለ ክንፍ ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ቁራጩ ወደ ላይ የሚወጣው የውሃ ቱቦ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ከላይ በኩል ውሃ ወይም አየር ንፉበትና አስወጡት። አለበለዚያ አዲስ ጎማ ገጥማችሁም ሞተሩ ይግላል።

ጎማዋን ስታወጡ ዘንጉ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። ዘንጉ ሲዞር ጎማዋም አብራ እንድትዞር የምታደርገው እሷ ናት። በትንሽ ዕቃ አስቀምጧት። ከቆቡ በታች ያለውን ስስ ብረትም እዩ። በጥፍራችሁ ሲነካ ጥልቅ ጭረት ካለው ቀይሩት፤ ጓርኒሲዮኑን (መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) ግን በማንኛውም ሁኔታ አዲስ አድርጉ።

አዲሷን ስትገጥሙ ግማሽ ጨረቃዋን በትንሽ ግሪስ ቦታዋ ላይ አጣብቋት። የቆቡን ውስጥ በሳሙና ውሃ ወይም በግሊሰሪን አርጥቡት። ከዚያ ቆቡን ወደታች እየገፋችሁ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ክንፎቹ ራሳቸው ወደ ትክክለኛው ጎን ይታጠፋሉ። ወደ ግራ አታዙሩ። የዘንጉን ጥርስ ጎን በስሱ ግሪስ ቀቡ፤ አናቱ ላይ ግን ግሪስ አታከማቹ፣ ዘንጉ በደንብ እንዳይገባ ያግዳል። እግሩን ስትመልሱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መግጠም አለበት፤ ዘንጉ ከላይ፣ የውሃ ቱቦው ደግሞ ቆቡ ላይ ባለችው ጎማ ውስጥ። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ አጎንብሶ ያያል። ካልገባ መዘውሩን ጥቂት አዙሩትና ሞክሩ። በብሎን ጎትታችሁ ለማስገባት አትሞክሩ።

በመጨረሻ እግሩ ላይ ያሉትን የውሃ መግቢያ ወንፊቶች አጽዱ። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2011 ጀምሮ (በፈረንጆች) እነዚህ ወንፊቶች ዋና ጠላት አግኝተዋል። የእምቦጭ ሥር ሲጠባባቸው ውሃ አይገባም። ፌስታልም እንዲሁ።

የካምቢዮ ዘይት

ይህ ቀላል ነው። እግሩ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ። ታችኛውን ፍቱ፣ ቀጥሎ ላይኛውን። ዘይቱ ወደ ዕቃ ይውረድ። ጥቁር ከሆነ አርጅቷል፣ ችግር የለም። ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል፣ የዘይት መከላከያው ጎማ ይቀየር። ታችኛው ብሎን ላይ ጸጉር የመሰለ የብረት ብናኝ ቢኖር አትደንግጡ። የማርሽ ጥርስ ስብርባሪ ካለ ግን ደንግጡ።

አዲሱ ዘይት 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ነው። የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው። በላይኛው ቀዳዳ ከሞላችሁ አየር ይቀራል። በፓምፕ ወይም በሚጨመቅ ጠርሙስ በታችኛው ቀዳዳ ግፉት። አረፋ የሌለው ዘይት በላይኛው ሲወጣ፣ መጀመሪያ ላይኛውን ብሎን ዝጉ። ከዚያ ፈጠን ብላችሁ ታችኛውን። የብሎኖቹን ሮንዴላዎች አዲስ አድርጉ።

ቤንዚኑ

አሮጌ ሞተር «አይነሳም» ሲባል ከአስር ሰባት ስምንቱ ካርቡራቶር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ የደረቀ ቤንዚን ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ማንም አልቆጠረውም። ግን ሞክሩት።

ከታንከሩ ጀምሩ። ያለውን አሮጌ ቤንዚን ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ የሞተር ክፍሎችን ለማጠቢያ ይሆናል። በችርቻሮ ከመንገድ ዳር የገዛችሁትን ቤንዚን ደግሞ ሳታዩ አትጨምሩ። በሃይላንድ ቀድታችሁ አንድ ሰዓት አቁሙት። ውሃ ካለው ታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ላምባ የተቀላቀለበት ግን በዓይን አይለይም። ትንሽ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይደርቃል፣ ላምባ ያለው ቅባት ትቶ ይቀራል። ይህን ዘይት ከመቀላቀላችሁ በፊት ነው የምታደርጉት።

ቅልቅሉ አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ 50 ለ1 ነው። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ለ5 ሊትር 100፣ ለ20 ሊትር 400። አንዳንድ በጣም አሮጌ ሞተሮች ከዚህ የበዛ ዘይት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ እሱን አድምጡ። የዘይቱ ዓይነትም ጉዳይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ለጀልባ የተሠራ ነው። የባጃጁና የሞተር ሳይክሉ የሁለት ምት ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚግል ሞተር ነው የተሠራው። የጀልባ ሞተር ግን በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ያን ያህል አይግልም። ዘይቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ አመድ ይተዋል፤ አመዱ ካንዴላና ፒስተን ላይ ይከማቻል። አማራጭ ባጣ ቀን ተጠቅሜበታለሁ፣ ሞተሩም አልሞተም። ግን ልማድ አታድርጉት።

ቱቦውን አጥፉና እዩ፤ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። መሃል ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጨምቁ። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ጥቂት ስትጨምቋት መጠንከር አለባት። ለዘላለም ለስላሳ ከሆነች አየር የሚስብ ቦታ አለ።

አሁን ካርቡራቶሩን ፍቱ። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ታች ያለውን ሳህን አውልቁ። ቢጫ ሙጫ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ታያላችሁ። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ጂግለር (ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በልኳ ካቻቢቴ ፍቱ፣ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩ። ቀዳዳዋ ክብና ንጹህ መሆን አለባት። በብረት ሽቦ አትጎርጉሯት። አንድ ጭረት መጠኗን ይቀይራል። የካርቡራቶር ስፕሬይና የጎማ መንፊያ አየር ይበቃሉ። ካልለቀቀ ስፕሬዩ ውስጥ ይደር።

ጎን ላይ ያለችው ቀጭን ብሎን ዝግ ሲል የሚሄደውን ቅልቅል የምታስተካክል ናት። ከመፍታታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስክትነካ ድረስ አጥብቋትና ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። ስትመልሱ እዚያው ቁጥር ላይ አቁሙ። ከጠፋባችሁ አንድ ዙር ተኩል ላይ ጀምሩ፣ በኋላ እናስተካክላታለን።

እሳቱ

ካንዴላ ርካሽ ነው፣ አዲስ ግዙ። ግን ቁጥሩ ያው ይሁን። ኤንጂኬ በተባለው ምርት ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ቶሎ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው፣ ሲያንስ ደግሞ የሚግል። ከመጨረሻው «-10» የሚል ካለው ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። እሳት ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነኩ፣ ገመዱን ሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ቤንዚን በፈሰሰበት አካባቢ አታድርጉት። እሳት ከሌለ ሲዲአይ (እሳት የሚሰጠውን ኤሌክትሮኒክስ) ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ቀዩን የማጥፊያ ገመድ እዩ። ቁልፏ ቦታዋ ላይ ካልገባች ሞተሩ እሳት አይሰጥም። ይህን ረስቶ ግማሽ ቀን ያባከነ ሰው አውቃለሁ፤ በየቀኑ በመስታወት አየዋለሁ።

መጀመሪያ ማስነሳት

የ200 ሊትር በርሜል ከላይ ቁረጡ፣ የእግሩን አብዛኛውን ክፍል እስኪሸፍን ውሃ ሙሉት። የውሃው ከፍታ ከውሃ ፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፣ ጭሱ በዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል።

የታንከሩን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ። የእጅ ፓምፗን እስክትጠነክር ጨምቁ። ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን። ቾኩን (ለማስነሳት አየሩን የሚቀንሰውን) ሳቡ። ገመዱን መጀመሪያ እስኪይዝ ቀስ አድርጋችሁ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ሲነሳ ቾኩን መልሱ፣ ወዲያው ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ። ውሃ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። እኔ «ሽንቱ» እለዋለሁ፣ ይቅርታ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልሸና አጥፉ። አንዳንዴ ቀዳዳዋ ላይ ጭቃ ወይም ሸረሪት ይኖራል፤ በአሳ መንጠቆ ናይሎን አጽዷት። ከዚያም ካልወጣ እግሩ ተመልሶ ይወርዳል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ሁለተኛው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የሞላው ጭስ አያስደንግጣችሁ። ውስጡ ያጠራቀመውን ዘይት እያቃጠለ ነው። አስር ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሥራ።

ከፍታው

አብዛኛው መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም የሚጻፈው ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተር በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ጣና ላይ ይህ 18 በመቶ ገደማ ነው። የገዛችሁት 15 ፈረስ እዚያ 12 ፈረስ ነው። ማንም አላታለላችሁም፣ አየሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል። ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ ይንተፋተፋል። መፍትሔው ዋናዋን ጂግለር በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ባለች መተካት ነው፤ ቁጥሩ እላይዋ ላይ ተቀርጿል። ለማረጋገጥ ሐይቁ ላይ በሙሉ ጋዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሂዱ፣ ከዚያ ጋዙን ሳትቀንሱ በቀይ ገመዱ አጥፉ። ካንዴላውን አውጡ። የቡና ቆሎ ቀለም ካለው ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ይሄኛው ነው ፒስተን የሚበሳው።

ለዚህም ነው አንድ ማስጠንቀቂያ የምጽፈው። ለጣና ጂግለሩን ዝቅ ያደረጋችሁለትን ሞተር ወደ ጫሞ ሐይቅ ብትወስዱት 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምታሠሩት። ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ ደግሞ ከዚያም ግማሽ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ በትንሿ ጂግለር ቤንዚኑ አይበቃም። የመጀመሪያዋን ጂግለር አትጣሉ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ክዳኑ ውስጥ አስቀምጡ።

ፕሮፔለሩም ከፍታው ይነካዋል። ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚገፋ ነው። ጀልባው ሲጫን ሞተሩ አልፈጥን ካለ፣ እንደታነቀ ከጮኸ፣ ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ሞክሩ። ጉልበት ይሰማችኋል።

ሐይቁ ላይ

በጠዋት ውጡ። ጣና በጠዋት ዝም ይላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። የመጀመሪያ ቀን ከዳርቻው አትራቁ። ደብረ ማርያም ድረስ ደርሶ መመለስ ያጓጓል፣ ቅርብ ነው። ግን እዚያ የዓባይ መውጫ አለ፣ ጉማሬም አለ። ሞተሩን ሳታምኑት ወደዚያ አትሂዱ።

ሞተሩን በሁለቱ መቆለፊያ ብሎኖች አጥብቃችሁ፣ በተጨማሪ በሰንሰለት ከጀልባው ጋር እሰሩት። ንዝረት ብሎኖቹን ይፈታል፣ ሐይቁ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። በጣም ከፍ ካለ አየር ይጠጣል፣ ውሃም አይስብ ይሆናል።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ማርሽ አስገብታችሁ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ተዉት። አሁን ያቺን ቀጭን ብሎን አስተካክሉ። ሞተሩ መንተፋተፍ እስኪጀምር ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ከዚያ እስኪከብደው ፍቱ። በሁለቱ መሃል አቁሙ፣ ከዚያ ትንሽ፣ የደቂቃ ቆጣሪ በአምስት ደቂቃ የሚዞረውን ያህል፣ ወደ መፍታት ጨምሩ። በርሜል ውስጥ ያስተካከሉት ሐይቅ ላይ ልክ አይመጣም፣ እዚያ ጭነት የለም።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ካንዴላና ቁልፉ፣ ትርፍ ኮፒሊያ፣ ፒንሳ፣ ገመድ፣ የተሞላ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ። እምቦጭ ውስጥ ከገባችሁ ጋዝ አትስጡ። አጥፉ፣ እግሩን አንሱ፣ ፕሮፔለሩንና ወንፊቱን በእጅ አጽዱ፣ በመቅዘፊያ ውጡ።

ስትመለሱ የቤንዚን ቱቦውን ነቅላችሁ ሞተሩ ካርቡራቶር ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት። ለሳምንታት የማትነኩት ከሆነ ይህ ያን ሁሉ ማጽዳት ያስቀርላችኋል። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ውሃው ሁሉ ይውረድ። ከዚያ ክዳኑን አንሱና ውስጡ ላይ በማርከር ፓምፑን የቀየራችሁበትን ቀን ጻፉ። የኔ ክዳን ላይ ሁለት ቀኖች አሉ። አንዱ ፓምፑን የቀየርኩበት ነው። ሁለተኛው የማግስቱ፣ ያቺን ግማሽ ጨረቃ ብረት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብላ ያገኘሁበት።